ዱላና ደብተር፦ የወጣት ጎልፈኞች ትምህርት ቤት ታሪክ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1998 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ኮለር በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ የሴቶች የአሜሪካ ኦፕን የጎልፍ ውድድር ወደ አምስተኛ ቀኑ ተሻገረ። በአራቱ መደበኛ ቀናት እኩል የወጡት ሁለት ተጫዋቾች ሁለቱም የ20 ዓመት ወጣቶች ነበሩ። አንደኛዋ ደቡብ ኮሪያዊቷ ሴ ሪ ፓክ፣ ሁለተኛዋ የታይላንድ ተወላጅ አሜሪካዊቷ ጄኒ ቹአሲሪፖርን። በዚያ ቀን 18 ጉድጓድ ተጫውተው አሁንም አልተለያዩም። ፓክ በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ጫማዋንና ካልሲዋን አውልቃ ኩሬ ውስጥ በመግባት የመታችው ኳስ በእስያ የገንዘብ ቀውስ ለተመታው የአገሯ ሕዝብ የጽናት ምልክት ሆኖ ቀረ። በተጨማሪው ጨዋታ ሁለተኛ ጉድጓድ ላይ አሸነፈች።

የሁለቱ ወጣቶች ዕድሜ እኩል ቢሆንም እዚያ ሜዳ ላይ ያደረሳቸው መንገድ ግን የተለያየ ነበር። ፓክ የጎልፍ ባለሙያ ከሆነች ሁለት ዓመት ሞልቷት ነበር። ቹአሲሪፖርን ደግሞ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለነበረች በአማተርነቷ የሽልማት ገንዘብ መቀበል እንኳ አትችልም ነበር። ፓክ በታሪክ ከታላላቆቹ ጎልፈኞች አንዷ ሆነች። ቹአሲሪፖርን ከዩኒቨርሲቲ በኋላ በባለሙያነት ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ጨዋታውን ትታ ነርስ ሆነች። የመጀመሪያው ታሪክ በየስፖርት ገጹ ተጽፏል። ለትምህርት ፖሊሲ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ነው፤ ከሚሞክሩት ወጣቶች እጅግ የሚበዙት የሚደርሱት እዚያ ነውና።

የጎልፍ ሥልጠናን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጋር ማጣመር ዛሬ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ፍሎሪዳ ውስጥ በአዳሪ አካዳሚ፣ ስዊድን ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ኮሪያ ውስጥ በልዩ ተሰጥኦ ሥርዓት ይካሄዳል። ሦስቱም ልጁ ሁለቱንም እንዲይዝ እናደርጋለን ይላሉ። ባለፉት መቶ ዓመታት የታየው ግን ዱላውና ደብተሩ በተጋጩ ቁጥር አንዱ ሌላውን ሲያሸንፍ ነው፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ የወሰነውም የልጁ ትጋት ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱ የቆመበት መሠረት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከትምህርት ቤት የቀረው ልጅ

ጎልፍና ትምህርት ቤት ሲተዋወቁ ባላንጣዎች ነበሩ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካና በብሪታንያ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጅ ወደ ጎልፍ ሜዳ የሚገባው የሀብታሙን የዱላ ከረጢት ተሸካሚ፣ ማለትም ካዲ ሆኖ ነበር። ሥራው በቀን ብርሃን የሚሠራ በመሆኑ ከትምህርት ሰዓት ጋር ይጋጫል። በ1913 ዓ.ም. ቦስተን አጠገብ ብሩክላይን ላይ በተካሄደው የአሜሪካ ኦፕን የ20 ዓመቱ አማተር ፍራንሲስ ዊሜት ሁለቱን የእንግሊዝ ዝነኞች ሃሪ ቫርደንንና ቴድ ሬይን አሸንፎ ዓለምን ሲያስደንቅ፣ ከረጢቱን ተሸክሞ ከጎኑ ይራመድ የነበረው የ10 ዓመቱ ኤዲ ሎወሪ ነበር። ዊሜት ራሱ በዚያው ክለብ ካዲ ሆኖ ያደገ ነው። ሎወሪ ደግሞ በዚያ ሳምንት መገኘት የነበረበት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ነው የመጣው።

ይህን ባላንጣነት ወደ ወዳጅነት የለወጠው ቺክ ኢቫንስ የተባለ ተጫዋች ነው። ኢቫንስ ካዲ ሆኖ ያደገ፣ በ1916 በአንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ኦፕንንና የአሜሪካ አማተርን ዋንጫ ያነሣ ሰው ነበር። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በገንዘብ እጦት አቋርጦ ወጥቷል። ዝነኛ ከሆነ በኋላ የጎልፍ ትምህርት በሸክላ ቀርጾ ገቢ ሲያገኝ፣ ገንዘቡን ቢወስድ የአማተርነት መብቱን ያጣ ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ ለካዲዎች የከፍተኛ ትምህርት መክፈያ እንዲሆን ተደረገ። በዌስተርን ጎልፍ አሶሲዬሽን አስተዳዳሪነት በ1930 ሁለት ወጣቶች ኖርዝዌስተርን ገቡ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ የተመረቁት ከ11,000 በላይ ናቸው።

ኢቫንስ የዘረጋው አሠራር ልብ ሊባል የሚገባው ባሕርይ አለው። ዕድሉን ለማግኘት የሚታየው የትምህርት ውጤት፣ የቤተሰብ የገንዘብ ችግር፣ የሥራ ታታሪነትና ጠባይ ነው። አመልካቹ ኳሱን ምን ያህል ርቀት እንደሚመታ የሚጠይቅ የለም። የስፖርቱ ሀብት ትምህርትን ያገለግላል፤ ከልጁ በምላሹ ዋንጫ አይጠበቅም። ኋላ የመጡት ሥርዓቶች ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠውታል፤ በእነርሱ ዘንድ የትምህርቱ በር የሚከፈተው በምቱ ጥራት ነው።

የ1972 ሦስት በሮች

ዛሬ የምናውቃቸው ሦስቱ አቅጣጫዎች ሥራቸው ወደ አንድ ዓመት ይመለሳል። በ1972 ሦስት አገሮች እርስ በርስ ሳይመካከሩ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምክንያት፣ በትምህርትና በስፖርት መካከል አዲስ በር ከፈቱ።

በአሜሪካ በዚያ ዓመት ጁን ወር ታይትል ናይን በመባል የሚታወቀው ሕግ ጸደቀ። ሕጉ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ በማንኛውም የትምህርት ተቋም በጾታ ምክንያት ማግለልን ይከለክላል። ስለ ጎልፍ የሚናገረው አንዳች ነገር ባይኖርም ኮሌጆች ለሴቶች ስፖርት ገንዘብ እንዲመድቡ አስገደደ። የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ በ1982 የመጀመሪያውን የሴቶች የጎልፍ ሻምፒዮና አካሄደ። ለአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ጎልፍ የወላጆቿ የእሑድ መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ መሸፈኛ ሊሆን የሚችል ሙያ ሆነ። ይህ ተስፋ ወደ ታች ወርዶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ጭምር ቀረጸ።

በስዊድን በዚያው ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የስፖርት ጂምናዚየም ሙከራ ተጀመረ። በዚህ አሠራር ተማሪው ልዩ ተቋም አይገባም፤ በመደበኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሌሎች እኩዮቹ ጋር ይማራል። ሥልጠናው በሳምንታዊው የትምህርት ሰሌዳ ላይ ቦታ ተሰጥቶት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይቆጠራል። ከጊዜ በኋላ ጎልፍም ተካትቶበታል። ነዋሪዋ ጥቂት፣ ክረምቷም ረጅም የሆነችው አገር በ1988 ሊሴሎተ ኖይማንን የአሜሪካ ኦፕን አሸናፊ አድርጋ አየች። ቀጥሎ አኒካ ሶረንስታም መጣች። ሶረንስታም ወደ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሄዳ በ1991 የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነች፤ በኋላም 72 የኤልፒጂኤ ውድድሮችን አሸነፈች።

በደቡብ ኮሪያ በፕሬዚዳንት ፓክ ቹንግ ሂ ዘመን የስፖርት ልዩ ተሰጥኦ ሥርዓት የተዘረጋውም በ1972 ነው። በብሔራዊ ውድድሮች ውጤት ያስመዘገበ ልጅ በመደበኛው የፈተና ውድድር ሳያልፍ ወደ ቀጣዩ የትምህርት ደረጃ እንዲሻገር ተፈቀደ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ አገሪቱ በዓለም መድረክ ሜዳሊያ ትፈልጋለች፤ ሜዳሊያ የሚያመጣውም ጊዜውን ሁሉ ለሥልጠና የሚያውል ልጅ ነው ተብሎ ታመነ። የፈተና ጭንቀት ማኅበራዊ ሕመም በሆነበት አገር ከፈተና ነጻ መሆን ታላቅ ስጦታ ይመስላል። የስጦታው ዋጋ የታወቀው ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

ብራደንተን፦ ትምህርት ቤቱ ወደ ሜዳው ሲሄድ

በ1978 ኒክ ቦሌቲየሪ በፍሎሪዳ ብራደንተን የቴኒስ አዳሪ አካዳሚ ከፈተ። ልጆቹ የቀኑን ግማሽ ይማራሉ፤ ግማሹን ይሠለጥናሉ። በ1987 አይኤምጂ የተባለው የስፖርት ወኪሎች ኩባንያ አካዳሚውን ገዛ፤ በ1993 የዴቪድ ሌድቤተር የጎልፍ አካዳሚ ተቀላቀለው። በዚያው በ1978 የአሜሪካ የወጣቶች ጎልፍ ማኅበር ተመሥርቶ ብሔራዊ የወጣቶች ውድድር ማዘጋጀት ጀመረ። የሁለቱ ተቋማት መገጣጠም አንድ ገበያ ፈጠረ። የኮሌጅ አሰልጣኞች ተጫዋቾችን የሚመለምሉት ከብሔራዊ ውድድሮች ነው፤ ለእነዚያ ውድድሮች የሚበቃው ብዙ የሠለጠነና ብዙ የተጓዘ ልጅ ነው፤ ብዙ ለመሠልጠንና ለመጓዝ ደግሞ መደበኛው የትምህርት ሰዓት አይመችም።

የጎልፍ ጠባይ ይህን ግፊት ያከብደዋል። አንድ ዙር ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ውድድር ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት ሜዳውን የማየት ቀን አለ። ጨዋታው በብርሃን እንጂ በመብራት አይካሄድም። እግር ኳስ የሚጫወት ልጅ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሠርቶ ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ በውድድር የሚጫወት ጎልፈኛ ግን በወር ውስጥ አንድ ሙሉ የትምህርት ሳምንት ሊያጣ ይችላል። አካዳሚው የሸጠው መፍትሔ ትምህርት ቤቱን በሥልጠናው ዙሪያ መልሶ ማዋቀር ነበር። ፓውላ ክሬመር የዚህ ሥርዓት ምሳሌ ናት፤ በሜይ 2005፣ በ18 ዓመቷ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ምረቃዋ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የመጀመሪያውን የኤልፒጂኤ ዋንጫዋን አነሣች።

ሆኖም አካዳሚው ብቸኛው መንገድ እንዳልነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ታይገር ውድስ ከ1991 እስከ 1993 ሦስት ጊዜ በተከታታይ የአሜሪካ የወጣቶች አማተር ሻምፒዮን የሆነው በካሊፎርኒያ አናሃይም በሚገኝ መደበኛ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየተማረ ነው። ሚሼል ዊ በ2005፣ 16 ዓመት ሊሞላት ቀናት ሲቀሩ፣ ባለሙያ ብትሆንም በሆኖሉሉ ትምህርት ቤቷን በ2007፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን በ2012 ጨርሳ፣ የአሜሪካ ኦፕንን በ2014 አሸነፈች። ጎልፍ እንደ ጂምናስቲክ በ16 ዓመት የሚያበቃ ስፖርት አይደለም። ትዕግሥት የሚፈቅድ ጨዋታ ሆኖ ሳለ ገበያው ጥድፊያን ይሸጥበታል።

የገበያውን ስፋት ለመረዳት ሁለት አኃዞችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። በብራደንተን የአንድ አዳሪ ተማሪ የዓመት ወጪ ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። በሌላ በኩል እስከ 2025 ድረስ አንድ የከፍተኛው ምድብ ኮሌጅ ለመላው የወንዶች የጎልፍ ቡድኑ የተፈቀደለት 4.5 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር፤ ለሴቶች ደግሞ 6። ይህ ለስምንትና ለዘጠኝ ተጫዋቾች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ወንድ ግማሽ ያህል ይደርሰዋል። ለአራት ዓመት ከ320,000 ዶላር በላይ የከፈለ ቤተሰብ የጠበቀው የግማሽ ስኮላርሺፕ ከሆነ፣ ሒሳቡ በየትኛውም ስሌት አይገጥምም። ቤተሰቡ የገዛው ሌላ ነገር ነው፤ የተሻለ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ዕድል፣ ክብርና የልጁን ሕልም። ለዚህ የሚከፍል እንደማይጠፋ በ2023 ታይቷል፤ በዚያ ዓመት አካዳሚው ለአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ1.25 ቢሊዮን ዶላር ተሽጧል።

በዚህ ገበያ ውስጥ ደብተሩን የጠበቀ አንድ ኃይል ነበር፤ እርሱም የኤንሲኤኤ የመግቢያ ደንብ ነው። በከፍተኛው ምድብ ለመጫወት ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ 16 መሠረታዊ ኮርሶችን በ2.3 አማካይ ውጤት ማጠናቀቅ አለበት፤ ከእነዚህም 10 ያህሉ ከመጨረሻው ዓመት በፊት መጠናቀቅ ይኖርባቸዋል። ማኅበሩ የትምህርት ሚኒስቴር ባይሆንም የኮሌጁን በር ስለያዘ አካዳሚው ሒሳብና ሳይንስን በይስሙላ ሊያስተምር አልቻለም። ከጁን 2025 የፍርድ ቤት ስምምነት ወዲህ የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡ በስምምነቱ በገቡ ኮሌጆች ተነሥቶ በቡድን አባላት ቁጥር ገደብ ተተክቷል፤ ለጎልፍ የተወሰነው 9 ነው። ኮሌጁ ለዘጠኙም ሙሉ ክፍያ መስጠት ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም። ለተጫዋቾች በቀጥታ የሚከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ስለሚሄድ፣ የጎልፍ ድርሻ የማደጉ ነገር አስተማማኝ አይደለም።

ኮሪያ፦ ባዶ የቀረው ወንበር

የሴ ሪ ፓክ ድል በኮሪያ አንድ ትውልድ ወደ ሜዳ አስወጣ። በ1998 የ10 ዓመት ሕፃን የነበረችው ኢንቢ ፓክ በ2008፣ በ19 ዓመቷ፣ ያንኑ የአሜሪካ ኦፕን አሸነፈች፤ በ2016 ደግሞ ጎልፍ ከ112 ዓመት በኋላ ወደ ኦሊምፒክ ሲመለስ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደች። ነገር ግን ኢንቢ ፓክ ራሷ ገና በልጅነቷ ወደ አሜሪካ ተልካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ላስ ቬጋስ የተማረች ናት። በአገር ውስጥ የቀሩት ብዙዎቹ ግን ስማቸው በመዝገብ፣ አካላቸው በሜዳ የሆነ ተማሪዎች ነበሩ።

ሥርዓቱን ለሕዝብ ያጋለጠው ከጎልፍ ውጭ የመጣ ቅሌት ነው። በ2016 የፕሬዚዳንት ፓክ ግን ሄ ወዳጅ የሆነችው ቾይ ሱን ሲል ልጅ፣ ፈረስ ጋላቢዋ ቹንግ ዩ ራ፣ በስፖርት ተሰጥኦ ስም ዝነኛ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደገባች ሲመረመር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷንም በቅጡ እንዳልተከታተለች ታወቀ። የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀቷ ተሰረዘ። ቁጣው ፕሬዚዳንቷን በማርች 2017 ከሥልጣን ባስወገደው ማዕበል ውስጥ አንድ ትልቅ ሞገድ ነበር። ለፈተና ሌሊቱን ሲያነጉ ለኖሩ ሚሊዮኖች ባዶ የቀረው ወንበር የፍትሕ ጥያቄ ሆነ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን መንግሥት ዝም አላለም ነበር። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የትምህርት ቤት ስፖርት ሕግ የትምህርት ውጤት ዝቅተኛ መስፈርት አስቀምጧል፤ ተማሪው ከክፍሉ ደረጃ አማካይ ውጤት በመጀመሪያ ደረጃ 50፣ በመካከለኛ 40፣ በሁለተኛ ደረጃ 30 በመቶውን ማግኘት ይኖርበታል። በ2019 በስፖርት ውስጥ የተፈጸሙ ጥቃቶች ሲጋለጡ የተቋቋመው የስፖርት ማሻሻያ ኮሚቴ ደግሞ ጠንከር ብሎ መጣ፤ ተማሪዎች በትምህርት ቀን የሚደረግ ውድድር ላይ መሳተፋቸው እንዲቆም መከረ። ለውድድር የሚፈቀደው የቀሪ ቀን ቁጥር በየዓመቱ እየተቀነሰ በ2022 በመጀመሪያ ደረጃ 5፣ በመካከለኛ 12፣ በሁለተኛ ደረጃ 25 ደረሰ።

ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ሜዳውን ግን አላማከረም። የኮሪያ የጎልፍ ሜዳዎች ቅዳሜና እሑድ ከፋይ ደንበኛ ይሞላቸዋል፤ የወጣቶች ውድድር ቦታ የሚያገኘው በሥራ ቀን ነው። የቴኒስና የጎልፍ ቤተሰቦች ደንቡን ሲያዩ አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ከመደበኛው ትምህርት ቤት አውጥተው ወደ ርቀት ትምህርት አዛወሩ። የጠረጴዛ ቴኒስ ኮከብ የሆነችው ሺን ዩ ቢን በ2020 ሁለተኛ ደረጃ ላለመግባት ወስና በቀጥታ የኩባንያ ቡድን ተቀላቀለች። ትምህርትን ለማዳን የወጣው ደንብ ጎበዞቹን ከትምህርት ቤት ገፋ። በ2023 መንግሥት ወደኋላ ተመልሶ የቀሪ ቀኑን ወደ 20፣ 35 እና 50 ከፍ አደረገው። በአሥር ዓመት ውስጥ የተደረገው ይህ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ የሚያሳየው ክፉ ሐሳብን ሳይሆን የመሣሪያውን ስህተት ነው፤ የውድድሩን ሰሌዳ የሚያወጣው አካል ሳይነካ፣ ልጁ ብቻ እንዲመርጥ ተገደደ።

ማን ይከፍላል? በሩን ማን ይይዛል?

እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ ስናያቸው ጥያቄው «ትምህርትና ሥልጠና ይጣመራሉ ወይ?» የሚል እንዳልሆነ ይገባናል። ይጣመራሉ፤ በተግባር ታይቷል። ወሳኙ ነገር ሁለቱ ሲጋጩ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ነው። ኢቫንስ በዘረጋው አሠራር ቃሉ የትምህርቱ ነው። በስዊድን ሥልጠናው በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ሥር ያድራል። በብራደንተን ቃሉ የከፋዩ ቤተሰብ ሲሆን የኮሌጁ በር ልጓም ሆኖለታል። በኮሪያ ልዩ ተሰጥኦ ሥርዓት ውስጥ በሩ ራሱ በውድድር ውጤት ስለተከፈተ ደብተሩ ጠባቂ አጣ፤ ኋላ የመጡት ደንቦች በሩን ትተው ወንበሩን ለመቆጣጠር ሞከሩ።

ሁለተኛው ትምህርት የወጪውን ሸክም ይመለከታል። በማንኛውም የስፖርት ሥርዓት ጥቂቶች ይደርሳሉ፤ ብዙዎች ይቀራሉ። የሥርዓት ጥራት የሚለካው በቀሩት ነው። በ22 ዓመቱ ጨዋታውን የተወ ወጣት በእጁ እውነተኛ የምስክር ወረቀት ካለው ያጣው ሕልም ብቻ ነው። ከሌለው ግን ከሁለት ያጣ ሆኖ ይቀራል፤ ለአገሩ ሜዳሊያ ፍለጋ ወይም ለአካዳሚው ገቢ የዋለው ልጅነቱም የሚመለስለት የለም። ሜዳሊያውን የሚያጭደው መንግሥት፣ ክፍያውን የሚሰበስበው አካዳሚ፣ ማስታወቂያውን የሚሸጠው ኩባንያ ናቸው። ኪሳራው ግን የልጁና የቤተሰቡ ብቻ ነው።

ይህ ጥያቄ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችን በቀጥታ ይነካል። ልጁ በሩጫም፣ በእግር ኳስም፣ በጎልፍም ተሰጥኦ ሲያሳይ የሚመጣው የአካዳሚ ጥሪ አንድ ዓይነት ነው። ጥሪውን የሚቀበል ወላጅ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል፦ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ኮርስ በኮሌጆቹ ዘንድ ተቀባይነት አለው ወይ? ልጁ ቢጎዳ ወይም ቢሰለች በዚያው ትምህርት ቤት መቀጠል ይችላል ወይ? ከቀደሙት ተመራቂዎች መካከል ባለሙያ ተጫዋች ያልሆኑት ዛሬ የት ናቸው? የመጨረሻውን ጥያቄ በዝርዝር የሚመልስ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በአገር ቤትም ጉዳዩ ባዕድ አይደለም። አሰላ ያለው የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልና አዲስ አበባ ያለው የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ ታዳጊዎችን ሰብስበው ያሠለጥናሉ። ከዳያስፖራው ለእንዲህ ያሉ ተቋማት የሚደረግ ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጫማ፣ ወደ መሮጫና ወደ አሰልጣኝ ይሄዳል። የሌሎች አገሮች ታሪክ የሚመክረው ግን ከዚህ ጎን ለጎን ለሒሳብ መምህሩ፣ ለቤተ መጻሕፍቱና ሳይመረጡ የሚቀሩትን ተከታትሎ ለሚመዘግበው ባለሙያ ገንዘብ እንዲመደብ ነው። ሜዳሊያ ያመጣው ልጅ የራሱ ስፖንሰር አያጣም። ሥርዓት የሚያስፈልገው በሠላሳኛ ደረጃ ለገባው ነው።